ሙጫው ሲንሸራተት ማን ያያል?

ባለፈው ክረምት አንድ የሕንፃ ባለቤት በማሠራት ላይ ባሉት ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቆመው፣ አንገታቸውን ወደ ሶሌታው ቀና አድርገው፣ "ልጄ፣ ይኼ ሙጫ ስንት ዓመት ይቆያል?" ብለው ጠየቁኝ። ከራሳችን በላይ የአየር ማዘዋወሪያው ሰፊ የላሜራ ቱቦ ተንጠልጥሏል። ቱቦውን የተሸከሙት ቡሎኖች አርማታው ውስጥ የተተከሉት በኬሚካል ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት ዕቃውን ያቀረበው ነጋዴ ቀደመኝ፤ "ሃምሳ ዓመት ጋሼ! ወረቀቱ ላይ አለ።"

ወረቀቱ ላይ አለ፤ ሰውየው አልዋሸም። በአውሮፓ ፈቃድ ያገኙ የኬሚካል አንከሮች የሚመዘኑት 50 ዓመት ያገለግላሉ በሚል ግምት ነው። ነጋዴው ያላነበበው እዚያው ሰነድ ላይ ቀጥሎ የተጻፈውን ነው። 50 ዓመቱ ለሥራው የሚስማማ ዕቃ ለመምረጥ የተቀመጠ ግምት እንጂ አምራቹ የሚሰጠው ዋስትና አይደለም ይላል። ግምቱም የሚሠራው ቀዳዳው በወጉ ከተጠረገ፣ ሙቀቱ ከተባለው ካላለፈ፣ ጭነቱ ከተሰላው ካልበለጠ ነው። ለአዛውንቱ ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩላቸውም። "የሚያየው ሰው ካለ ይቆያል" አልኳቸው። ነጋዴው ሳቀ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ሳቅ ነው።

ከግንባታ ሙያ ውጭ ላሉ አንባቢዎች ነገሩን ላስረዳ። ቀደም ባለው ጊዜ ብረትና አርማታ የሚገናኙት አርማታው ሲሞላ ነበር። ፌሮውም ቡሎኑም አስቀድሞ በቦታው ይታሰራል፣ አርማታው ሲደርቅ አብሮ ይይዘዋል። አሁን ግን ሕንፃው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ብዙ ነው። የተረሳ የኮለን ፌሮ አለ። ባለቤቱ "አንድ ፎቅ ልጨምር" ይላል። የሊፍቱ ሃዲድ፣ የመስታወትና የአሉሚኒየም ልባሱ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው፣ የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ ሁሉም የሚታሰሩበት ይፈልጋሉ። ስለዚህ የደረቀው አርማታ ይበሳል፣ ቀዳዳው ውስጥ ከሁለት ቱቦ እየተቀላቀለ የሚወጣ ኬሚካል ይገባል፣ ብረቱ እየተሽከረከረ ይሰካል፤ የኬሚካል አንከር የምንለው ይህ ነው። ሲደርቅ የሚይዘው ኃይል የሚያስገርም ነው። በደንብ የተሠራን አንከር በመሣሪያ ሲስቡት ሙጫው ሳይለቅ ብረቱ ሊበጠስ፣ ወይም አርማታው ራሱ በሾጣጣ ቅርጽ ተቦድሶ ሊወጣ ይችላል።

የኬሚካል አንከር ጠላት አይደለሁም። ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሆኜ በሠራሁባቸው ሕንፃዎች ብዙ ጊዜ ፈቅጄዋለሁ፣ ነገም እፈቅዳለሁ። ነገር ግን ከላይ በሚጫነው ክብደት ወለሉ ላይ ተጭኖ የሚኖረውን የብረት ምሰሶ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ብቻ የሚይዝ ቡሎን አንድ ነገር ነው፤ ከሶሌታ ስር ተሰቅሎ ቀን ከሌት፣ ዓመት ከዓመት ወደ ታች የሚጎተት ቡሎን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሙጫው ቢደክምም አይወድቅም። ሁለተኛው ከሙጫው በቀር የሚይዘው የለም። ሳይቶቻችን ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ሠራተኛ፣ በአንድ ቱቦ ይሠራሉ፤ በክፍያ ሰነዱም ላይ "አንከር፣ በቁጥር" ተብለው በአንድ መስመር ያርፋሉ።

ልዩነቱን የሚያመጣው ጊዜ ነው። የደረቀው ሙጫ ፕላስቲክ ነው፣ ፕላስቲክ ደግሞ የማያቋርጥ ክብደት ሲሰቀልበት በጣም በዝግታ ይለጠጣል። የጠፍር አልጋ እንዲሁ ነው፤ አዲስ ሳለ ሦስት ሰው ቢቀመጥበት ንቅንቅ አይልም፣ ዓመታት ሲያልፉ ግን አንድ ሰው ብቻ እየተኛበት መሐሉ ይረግባል። ሙጫውም ላይ ክብደቱ ሳይጨምር ቡሎኑ በሚሊ ሜትር ክፋይ፣ ከዚያም በሚሊ ሜትር ከቀዳዳው ይወጣል። ሙቀት ሲጨመር መለጠጡ ይፈጥናል። ሁሉም ሙጫ እኩል አይለጠጥም፤ ቅመሙ ይወስነዋል።

ሳይት ላይ የምናደርገው የመሳብ ፈተና ይህን አያሳይም። መሣሪያው ቡሎኑን ከሚሸከመው ክብደት በላይ ለጥቂት ደቂቃ ይስበዋል። ካልወጣ "አልፏል" ተብሎ ይፈረማል። ፈተናው ቀዳዳው በአቧራ የተሞላ፣ ኬሚካሉ ያልተቀላቀለ ወይም ያልደረቀ መሆኑን ይነግረናል፣ ለዚያ ጥሩ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ምን እንደሚሆን ግን አንድ ቃል አይነግረንም። መሣሪያ በሌለበት ሳይት ደግሞ ፈተናው ሰው ነው። ወጣቱ ሠራተኛ ቡሎኑን በሁለት እጁ ጨብጦ እግሩን ከመወጣጫው ያነሣና "ኢንጅነር፣ ይኸው!" ይለኛል። ድፍረቱን አደንቃለሁ።

የደቂቃዎች ፈተና ምን ያህል እንደሚያታልል ዓለም የተማረው ቦስተን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 2006፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ "ቢግ ዲግ" በሚባለው ግዙፍ ፕሮጀክት በተሠራው የመኪና ዋሻ ውስጥ ባልና ሚስት እያለፉ ነበር። ከዋሻው ዋና ጣሪያ በታች ለአየር ማዘዋወሪያ ተብሎ የተንጠለጠለው የአርማታ ጣሪያ አንድ ክፍል ተነቅሎ መኪናቸው ላይ ወደቀ። የወደቀው አርማታና ብረት 26 ቶን ያህል ነበር። ሚስትየው ሞተች፣ ባልየው ተረፈ። ያንን ጣሪያ የያዙት 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው የማይዝግ ብረት ቡሎኖች ነበሩ። አርማታው ውስጥ የገቡት 13 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ኢፖክሲ በሚባል ሙጫ ነበር የተተከሉት።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2007 ያወጣውን የምርመራ ሪፖርት ከአንድ ጊዜ በላይ አንብቤዋለሁ። ለኛ አገር መሐንዲስ ሁሉ ቢታደል ደስ ይለኛል። ብረቱ አልተበጠሰም፣ አርማታው አልተቦደሰም። ኢፖክሲው ቀስ በቀስ ተለጥጦ ቡሎኖቹን ለቀቃቸው። ያ ኢፖክሲ በሁለት ዓይነት ይቀርብ ነበር፤ አንዱ በመደበኛ ፍጥነት የሚደርቅ፣ ሌላው ፈጥኖ የሚደርቅ። ዋሻው ላይ የዋለው ፈጥኖ የሚደርቀው ነው። ይህኛው ቅመም ከዋሻው ሥራ ቀደም ብሎ በተደረገበት የረጅም ጊዜ የጭነት ፈተና አላለፈም ነበር። መደበኛው አልፏል። ልዩነቱ ግን ዕቃውን ለመረጡትና ለተከሉት ሰዎች በግልጽ አልደረሰም። ዲዛይን ያደረጉትም፣ ግንባታውን ያማከሩትም የረጅም ጊዜ መለጠጥን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

እኔን የሚያስቆጨኝ እ.ኤ.አ. በ1999 የሆነው ነው። ጣሪያው በተሰቀለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ ዋሻው ለመኪና ከመከፈቱ ዓመታት በፊት፣ አንዳንድ ቡሎኖች ከቀዳዳቸው ወጣ ብለው ተገኝተው ነበር። ሰዎች አይተውታል! ፎቶ ተነሥቷል፣ ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። ከዚያስ? የወጡት ተነቅለው በሌላ ተተኩ፣ እንደገና ተሳቡ፣ አለፉ። ለምን እንደተንሸራተቱ በቂ መልስ ሳይገኝ ሥራው ቀጠለ። ጊዜ የፈጠረውን ችግር በደቂቃ ፈተና መልሰው መዘኑት። ዋሻው በ2003 ተከፈተ። ከዚያ እስከ አደጋው ቀን ድረስ ከተንጠለጠለው ጣሪያ በላይ ወጥቶ ቡሎኖቹን የተመለከተ አልነበረም። መርማሪዎቹ በየጊዜው ቢታይ ኖሮ መንሸራተቱ ሳይገኝ አይቀርም ነበር ብለዋል። ከአደጋው በኋላ ቀሪው ጣሪያ ሲፈተሽ ሌሎች ብዙ ቡሎኖችም ወጥተው ተገኙ።

ቦርዱ ያቀረበው ምክር ለስላሳ አልነበረም። ተገቢው የፈተና ደረጃ እስኪወጣ ድረስ፣ ቢወድቅ ሕዝብ ላይ አደጋ በሚያደርስ፣ ዘወትር ወደ ታች በሚጎተት የአውራ ጎዳና ግንባታ ላይ የሙጫ አንከር እንዳይውል አለ። በ2011 የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት ደንቡን አሻሽሎ የሙጫ አንከርን በዝርዝር አስገባ። ቋሚ ጎታች ጭነት ካለ ሙጫው ይይዘዋል ከሚባለው ኃይል 55 በመቶው ብቻ እንዲታሰብ አዘዘ፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ተተክሎ ቋሚ ጭነት የሚጎትተውን ደግሞ የምስክር ወረቀት ያለው ሠራተኛ ብቻ፣ ተቆጣጣሪ ባለበት እንዲሠራው ደነገገ። አውሮፓውያንም ተመሳሳይ ቅናሽ በ2018 በወጣው የዩሮኮድ 2 አራተኛ ክፍል ውስጥ አስገብተዋል። የኛ የግንባታ ደረጃዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ከዩሮኮድ ሲቀዱ ይህ ክፍል ገና አልታተመም ነበር። ዲዛይነሮቻችን "በዩሮኮድ ሠርቻለሁ" ሲሉኝ የትኛውን ክፍል እንደሆነ እጠይቃለሁ። መልሱ ዝምታ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ጃፓን ውስጥ ስለደረሰ ተመሳሳይ አደጋም አጠር አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም ከኬሚካሉ ይልቅ ስለ ሰው ነው የሚነግረን። የሳሳጎ ዋሻ በ1977 የተከፈተ፣ 4.7 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መንገድ ነው። ዲሴምበር 2 ቀን 2012 ማለዳ የተንጠለጠለው ጣሪያ ከ130 ሜትር በላይ ርዝመት ተከታትሎ ተደረመሰ። ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። እዚያም ጣሪያውን የያዙት በሙጫ የተተከሉ ቡሎኖች ነበሩ፣ ግን ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈውባቸዋል። በዚያው ዓመት መስከረም ዋሻው ተመርምሯል፤ ምርመራው ግን ከፍ ብለው ያሉትን ቡሎኖች በመዶሻ እየመቱ ማዳመጥን አልጨመረም። ያ የተደረገው ለመጨረሻ ጊዜ በ2000 ነው። ከአደጋው በኋላ ጃፓን ዋሻዎችና ድልድዮች በየ5 ዓመቱ በቅርበት እንዲታዩ ደነገገች።

እንግዲህ ነጋዴው የሳቀበት መልሴ ከዚህ ነው የመጣው። የሙጫ መለጠጥ ክፉ ነገር ቢሆንም አንድ ደግነት አለው፤ ይናገራል። በቸልታ ያልጸዳ ቀዳዳ ድንገት ይለቃል፣ የሚለጠጥ ሙጫ ግን ከመልቀቁ በፊት ወራትና ዓመታት ይሰጣል። ዳዶው ከሶሌታው ይርቃል፣ ከሮንደላው በላይ ክፍተት ይታያል፣ የተሰቀለው ነገር ከአጠገቡ ካለው ዝቅ ይላል። ለማየት መሐንዲስነትም አያስፈልግም። የቦስተኑን ማንም የጥገና ሠራተኛ መሰላልና ባትሪ ይዞ ቢወጣ ያየው ነበር። ስለዚህ ስለ ሙጫ ዕድሜ ስንከራከር የሚበዛውን ጊዜ ቅመሙ ላይ ማጥፋታችን አይገባኝም። ቅመሙን አምራቹና ቤተ ሙከራው ይጨነቁበት። እኛ ልንመልሰው የሚገባን ጥያቄ ቡሎኑ የት እንዳለ የሚያውቅ፣ ሊያየው የሚችልና ሊያየው የሚገደድ ሰው አለ ወይ የሚለው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ርክክብ ላይ ምን እንደምንረካከብ ልንገራችሁ። የሕንፃው ሥዕል፣ ሥራው እንዳለቀ የተስተካከለው፣ ይሰጣል። በሥዕሉ ላይ እያንዳንዱ ፌሮ በውፍረቱና በርቀቱ ተጽፏል። በኋላ የተተከሉት አንከሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሉም። የትኛው ኬሚካል፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ጥልቀት፣ ማን እንደተከለው የተጻፈበት ወረቀት ከፎርማኑ ኪስ ደብተር አያልፍም፤ ፎርማኑ ሌላ ሳይት ሲሄድ ደብተሩም ይሄዳል። ከዚያ በላይ ጂፕሰም ይለበሳል። የመጨረሻው ርክክብ ካለቀ በኋላ የሕንፃ አስተዳዳሪው ጂፕሰሙን የሚከፍተው ውኃ ሲያፈስ ብቻ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተቋራጩን ለሕንፃው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል፣ ጥሩ ሕግ ነው። የቦስተኑ ጣሪያ ከተሰቀለ አሥር ዓመት ሳይሞላው ወደቀ፣ የሳሳጎው በ35 ዓመቱ። ያልታየና ያልተመዘገበ ቡሎን በዘጠነኛው ዓመት ቢወድቅስ ጥፋቱ የተቋራጩ ነው፣ የልባስ ሠሪው ነው፣ ወይስ በኋላ ሰሌዳ የሰቀለው ተከራይ? እንዴት ብለን እናረጋግጣለን?

የከተማችን መንገዶች በኮሪደር ልማቱ ፊታቸውን አድሰዋል። አሮጌ ሕንፃዎች አዲስ ልባስ ለብሰዋል፣ ሰሌዳዎች ተቀይረዋል፣ መብራት ተሰቅሏል። ማማሩን እወደዋለሁ። ግን ልባስ የሚታሰርበት አርማታ ስንት ዓመት የቆየ፣ ምን ያህል ጥንካሬ ያለው መሆኑን ሳይለኩ መብሳት የተለመደ ነው። የአምራቹ ሠንጠረዥ የሚጀምረው ቢያንስ C20/25 ከሚባለው የአርማታ ደረጃ ነው። ከዚያ በታች የሆነ አሮጌ ግድግዳ፣ ይባስ ብሎም ብሎኬት፣ ያ ሠንጠረዥ አይመለከተውም።

አሠራራችንን ደግሞ እዩት። ቀዳዳ ማጽዳት መንፋት፣ በሽቦ ብሩሽ መፈተግ፣ እንደገና መንፋት ነው፤ ብዙ አምራቾች ይህንኑ ሁለት ወይም አራት ጊዜ እንዲደጋገም ያዛሉ። እኛ ጋ ሠራተኛው አፉን አስጠግቶ "እፍ" ይላል፣ አቧራው ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ ዓይኑን እያሸ ኬሚካሉን ያስገባል። በኮምፕሬሰር ሲነፋም ማጣሪያ ከሌለው የኮምፕሬሰሩ ዘይት ቀዳዳውን ይቀባዋል። ከቱቦው መጀመሪያ የሚወጣው ያልተቀላቀለ ኬሚካል ቀለሙ አንድ እስኪሆን መጣል አለበት። ዋጋውን የሚያውቅ ፎርማን ግን አያስጥልም፤ "ገንዘብ ነው እኮ ኢንጅነር" ይላል። ወደ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ኬሚካሉ ከጥልቁ ጀምሮ ካልተሞላ አየር ይቀርበታል። ከውጭ ሲታይ ሞልቷል፣ ከውስጥ ግን ብረቱ ግማሽ ርዝመቱ ባዶ ውስጥ ነው። ሁሉም ከተሸፈነ በኋላ የሚለየው የለም። በአንዳንድ ሳይት ተካዩ የሚከፈለው በቀዳዳ ቁጥር ነው፤ እየፈተገ የሚያጸዳ ሠራተኛ በቀን ከሌላው ያነሰ ይተክላል፣ ያነሰ ይከፈለዋል። ክፍያው በዚህ መልክ እስካለ ድረስ ሥልጠና ብቻውን አያድነንም።

የአየሩ ነገርም አለ። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ትቀዘቅዛለች። አርማታው ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ለሞቃት ቀን የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት እዚያ ላይ አይሠራም። ከሰዓት በኋላ ዳዶው ሲጠብቅ ሙጫው ገና ነው። ሰመራ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሠንጠረዡ ላይ መጀመሪያ የሚገኘው ቁጥር የሚሠራው የአርማታው ሙቀት በዘላቂነት ከ24፣ ለአጭር ጊዜም ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ካላለፈ ነው። አፋር ውስጥ ፀሐይ በምትመታው የጣሪያ አርማታ ይህ ገደብ ከጠዋት ይታለፋል። ለከፍተኛ ሙቀት የተሰጠው ቁጥር ሌላ ዓምድ ላይ ነው፣ ያነሰም ነው። አዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጦ ለሰመራ የሚሰላ አንከር በየትኛው ዓምድ እንደተሰላ ተቆጣጣሪው ሊጠይቅ ይገባል። ኬሚካሉም ራሱ በቆርቆሮ ኮንቴይነር ውስጥ ተከማችቶ ወራት እንደከረመ አትርሱ።

ለመሬት መንቀጥቀጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ልጨምር። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፣ ንዝረት ደግሞ አርማታን ሊሰነጥቅ ይችላል፣ ሠንጠረዦቹም ለተሰነጠቀና ላልተሰነጠቀ አርማታ የተለያየ ቁጥር የሚሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስንጥቁ በቀዳዳው ውስጥ ካለፈ ሙጫው የሚይዘው ይቀንሳል።

ተቋራጭ ወዳጆቼ ይህን ሁሉ ስናገር የሚመልሱልኝ አንድ ነገር ነው፤ "እኛ አገር በዚህ ምክንያት የወደቀ አለ?" ጥያቄው ብልህ ይመስላል። ግን ሰሌዳ ወይም የጂፕሰም ኮርኒስ ሲወድቅ ምን እንደሚባል እናውቃለን፤ "ነፋስ ጣለው"፣ "ውኃ ገብቶበት ነው" ይባልና ፍርስራሹ ይጠረጋል። ቡሎኑን አንሥቶ ሙጫው ከብረቱ ነው ወይስ ከአርማታው የለቀቀው፣ አቧራ አለበት ወይስ ንጹሕ ነው ብሎ የሚያይ፣ ያየውንም ለሕዝብ የሚያሳትም ከሌለ "የወደቀ የለም" ማለት አንችልም። በዚያ ላይ በከተማችን በኬሚካል የተሰቀለው አብዛኛው ነገር በሳሳጎ ዕድሜ ሲለካ ገና ወጣት ነው።

ሌሎች ደግሞ፣ በተለይ የቦስተኑን ታሪክ የሰሙ፣ "ጨርሶ ይከልከል" ይላሉ። በዚህም አልስማማም። ከተከለከለ ሰው በድብቅ ይተክለዋል፣ ወይም በሲሚንቶ ውሕድ ይለጥፈዋል፣ ይህም ከሁሉ የከፋ ነው። እኔ የምለው ጠባብ ነው፤ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ላይ፣ ከራስ በላይ፣ ቋሚ ክብደት የሚጎትተው አንከር በሙጫ ብቻ አይያዝ። ሶሌታውን ዘልቆ ከላይ በሰፊ ሮንደላና በዳዶ የሚታሰር ቡሎን ይቻላል። ቀዳዳው ውስጥ ራሱን ከፍቶ አርማታውን የሚነክስ ሜካኒካል አንከር ይቻላል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ከፍ ይበል። ሁለቱም የማይሆኑበት ቦታ ካለ ሙጫው ይፈቀድ፣ ግን አንዱ ቢለቅ ጭነቱን የሚረከብ ሌላ ቡሎን ይኑር፣ አጠገቡም ሰው ወጥቶ የሚያይበት መክፈቻ ይተውለት። መክፈቻ የሌለው ኮርኒስ ስር ያለ ሙጫ ላይ አልፈርምም፤ ይህን አቋሜን ያወቁ ሁለት ሦስት ተቋራጮች ጂፕሰሙን ከማልበሳቸው በፊት ይጠሩኛል፣ ሌሎቹ ደግሞ ሌላ ተቆጣጣሪ ይመርጣሉ።

ሠራተኛውን በተመለከተ መንገዱ አለ። ለግንበኛውና ለፌራዮው የብቃት ምዘና አለን፣ ሲኦሲ እያልን የምንጠራው። ለአንከር ተካዩ አንድ ተጨማሪ የምዘና ክፍል መጨመር ከባድ አይደለም፤ ቀዳዳ አስጠርጎ፣ ወደ ላይ አስተክሎ፣ ከዚያ ለሁለት ሰንጥቆ ውስጡ መሞላቱን ማየት ነው። አሜሪካኖቹም ሲመዝኑ ከራስ በላይ ያለውን ሥራ በተግባር ያሠሩታል። ጥሩ የሠራ ልጅ በዚያ ወረቀት ከሌላው የተሻለ ክፍያ መጠየቅ ይችላል፤ በቀዳዳ ቁጥር የሚከፈለውን ክፍያ የሚሰብረውም ይህ ነው።

ለሕንፃ ባለቤቶች የምለው ደግሞ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። የመጨረሻው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት የአንከሮቹን ዝርዝር ጠይቁ፤ የት እንዳሉ፣ የኬሚካሉ ስምና የሚያበቃበት ቀን፣ የተተከለበት ቀንና ጥልቀት፣ የተካዩና የተቆጣጣሪው ፊርማ። ዳዶውና ሶሌታው ላይ በአንድ መስመር ቀለም አስቀቡ፤ ቡሎኑ ከወጣ መስመሩ ይሰበራል፣ የጥበቃ ሠራተኛውም እንኳ ሊያየው ይችላል። በዓመት አንድ ቀን መክፈቻዎቹን አስከፍቱ።

ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት አዛውንት ዝርዝሩን ጠየቁ። ተቋራጩ በውሉ ውስጥ ያልተጠቀሰ ሥራ ስለሆነ ተጨማሪ ክፍያ ይገባኛል ብሎ ደብዳቤ ጽፏል። ደብዳቤው እኔ ጋ ነው። ትክክል ነው፣ በውሉ ውስጥ የለም፤ ይከፈለው ብዬ መልሻለሁ፣ በሚቀጥለው ውል ግን ከመጀመሪያው ይገባል።